በደቡብ ቈላ ከተሞች ስለ ነፍሰ ጡሮች የልብ ጤና

ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ ሁሉ ለሁለት ነፍስ የሚሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከብልቶች ሁሉ ይልቅ ሸክሙ የሚበረታው በልብ ላይ መሆኑን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ሐኪሞች መርምረው እንዳረጋገጡት በነፍሰ ጡር ሥሮች ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ቀስ በቀስ እየጨመረ ሄዶ በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር ከቀድሞው በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ የልብም ምት በየደቂቃው ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይጨምራል። ጤነኛ ልብ ይህን ሁሉ ያለ ጭንቀት ይሸከመዋል። አስቀድሞ የተጐዳ ልብ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ጕዳቱን ሰውሮ ቈይቶ የእርግዝናው ሸክም በጸናበት ወራት ይገለጥበታል። ስለዚህ እርግዝና ብዙ ጊዜ የቈየውን የልብ ሕመም የሚገልጥ ፈተና ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ልቡ መቼና በምን ተጐዳ የሚለው ነው። በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋ፥ በሞያሌ፥ በፊልቱና እስከ ዶሎ ድረስ ባሉት የቈላ ከተሞች የዚህ ጥያቄ መልስ በሴቲቱ ሰውነት ብቻ አይገኝም። ባደገችበት ቤት ስፋት፥ ውሃ በቀዳችበት ጕድጓድ፥ በተማረችበት ወይም ሳትማር በቀረችበት ትምህርት ቤት፥ ወደ ሐኪም በሚወስደውም መንገድ ርዝመት ጭምር ይገኛል። ይህ ጕዳይ ለሐኪም እንጂ ለአስተዳደር ሹም የሚነገር አይደለም የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን እስከ መጨረሻው ይመልከተው።

በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው የልብ ሕመም ሐኪሞች ሩማቲክ የሚሉት ነው። አመጣጡም እንደዚህ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላት ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል በዓይን በማይታይ ተሐዋሲ ጕሮሮዋ ይቈስላል፤ እናቷም ቶንሲል ነው ብላ በቤት ታስታምማታለች። ቍስሉ ያለ መድኃኒት በጥቂት ቀን ይሽራል፤ የሕመሙ ክፋት ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰውነቷ ተሐዋሲውን ለመውጋት ያዘጋጀው ኀይል ተመልሶ የገዛ አካሏን ይወጋል፤ ጕልበቷና ክርኗ ያብጣል፥ ትኵሳት ይነሣባታል፥ በመጨረሻም ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉአቸው የልብ በሮች ይቈስላሉ። ይህ ነገር ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የልቡ በር ይደርቅና ይጠብባል፥ ወይም አልገጥም ብሎ ደሙን ወደ ኋላ ይመልሳል። ልጅቱ ግን ትሮጣለች፥ ጥጃ ትጠብቃለች፥ ውሃ ትቀዳለች፥ ትዳራለች፤ ሰውም ሁሉ ጤነኛ ናት ይላታል። ከዚያ በኋላ ታረግዛለች።

ይህን ሁሉ ጥፋት በመጀመሪያው ቀን ሊያስቀር ይችል የነበረው አንድ መርፌ ፔኒሲሊን ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ብቻ ታሪኩን አይጨርሰውም። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሕመም መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመገኘቱ አስቀድሞ፥ የሠራተኛው ሕዝብ ቤት በሰፋበትና በአንድ አልጋ የሚተኙት ልጆች ቍጥር ባነሰበት ዘመን ነው። ተሐዋሲው ከጕሮሮ ወደ ጕሮሮ የሚተላለፈው በሳልና በትንፋሽ ስለ ሆነ የቤቱ ጥበት ራሱ የሕመሙ መንገድ ነው። በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በጅማ ከተማ ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ በተመረመረ ጊዜ ከ1,000 ልጆች በ30 ያህሉ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቷል፤ በዚያው ጥናት በኬፕታውን ድሃ ሰፈሮች የተገኘው ከ1,000 ወደ 20 ያህል ነበር። ጅማ የጤና ትምህርት ቤትና ትልቅ ሆስፒታል ያላት ከተማ መሆኗ መዘንጋት የለበትም።

በቦረና ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንማል፤ ዋናው ጋና፥ አነስተኛው ሀገያ ይባላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ስለ ከሸፉ በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ። ከዚያ በፊትም በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሏል። ከብቱን ወይም ቀዬውን ያጣ ሰው የሚጠጋው ወደ ከተማ ዳር ነው፤ በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች በላስቲክና በጨርቅ የተሠሩ መጠለያዎች የቆሙት ስለዚህ ነው። ቀድሞ የአርብቶ አደሩ ልጅ ከሰፊው ሜዳ ላይ ተበታትኖ ይውል ነበር፤ ዛሬ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ፥ ከአያቱና ከአጎቱ ልጆች ጋራ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተፋፍጎ ያድራል። በዚህች ክፍል ውስጥ አንዱ ሲያስል ሁሉ ይስላል። የድርቁ ወራት የፈጀው የከብት ቍጥር ተጽፏል፤ በዚያው ወራት ጕሮሯቸው የቈሰሉት ልጆች ግን በማንም መዝገብ አልተጻፉም፤ ከእነርሱ መካከል ሴቶቹ የሚያረግዙት ከ10 ዓመት በኋላ ነውና ሒሳቡ የሚቀርበውም ያን ጊዜ ነው።

የከብቱም ነገር ቢሆን ከልብ ጋራ የተያያዘ ነው። የቦረና ሰው መንጋውን በሁለት ይከፍላል፤ የሚታለቡት ላሞች ወራ ተብለው ከቤተሰብ ጋራ ይቀራሉ፥ የቀሩት ፎራ ተብለው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዳሉ። ድርቅ ሲጸና የሚታለበውም ይጠፋል። በወተት ያደገ ሕዝብ ወተቱን ባጣ ጊዜ በስንዴና በበቈሎ እርዳታ ይኖራል፤ ነፍሰ ጡርም ከቤተሰቡ ሁሉ በኋላ የምትበላ ስለ ሆነች ደሟ ያንሳል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በመላው ኢትዮጵያ ከ100 ሴቶች 24ቱ የደም ማነስ ሲገኝባቸው በሶማሌ ክልል ግን 60 ያህሉ ነበሩ። ደም ያነሳት ሴት ልብ ለዚያው ሥራ አብዝቶ መምታት ግድ ይሆንበታል፤ የጠበበ በር ላለው ልብ ደግሞ ፈጥኖ መምታት ራሱ ጕዳት ነው።

ስለ ውሃ ብዙ መናገር አያስፈልግም። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፥ 20 ሊትርም 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የምትሸከመውም ሴት ናት። ነገሌ ስለ ውሃ ያላትን ትዝታ የታሪክ ሰዎች ያውቁታል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ ጕድጓዳቸው መሣሪያ ስለ ተበላሸና ምግባቸው ስለ ከፋ፥ ከመኰንኖቹም ጕድጓድ እንዳይቀዱ ስለ ተከለከሉ አመፁ፤ ሁኔታውን ለማጣራት የተላኩትን ጄኔራልም ይዘው ያንኑ ምግብና ያንኑ ውሃ አቀመሷቸው። በዚያው ዓመት በአገሪቱ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚያች ጕድጓድ ተነሣ ማለት ማጋነን ነው፤ ነገር ግን መሣሪያና ደመወዝ ያለው ወታደር ያልቻለውን ጥም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ዝም ብላ እንድትችለው ይጠበቃል።

አሁን ወደ ሐኪም ደጃፍ እንምጣ ቢባል፥ እዚያም ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የልብ ድካም ምልክቶች ከተራ እርግዝና ምልክቶች ጋራ ይመሳሰላሉ። ነፍሰ ጡር ሁሉ ትደክማለች፥ እግሯም ያብጣል፥ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ልዩነቱ የሚታወቀው ጠይቆ በሚያደምጥ ሰው ነው። ጋደም ስትል የምትታፈን፥ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ወይም ትራስ ደራርባ የምታድር፥ ከቤቷ እስከ ጐረቤት ለመድረስ መንገድ ላይ የምታርፍ ሴት የእርግዝና ድካም ነው ተብላ መመለስ አይገባትም። አንዳንዷም ደም የተቀላቀለ አክታ ትተፋለች፤ በዚህ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ለወራት የማይጠቅማትን መድኃኒት ልትውጥ ትችላለች፤ የጠበበው የልብ በር ደሙን ወደ ሳንባ እንደሚያቍርና አክታውም ከዚያ የመጣ መሆኑ ሳይታወቅ ይቀራል። የልብን በር የሚያሳየው መሣሪያና መሣሪያውን የሚያነበው ሐኪም በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ተሰብስበዋል። ለአዋላጂቱ የቀሩላት ማዳመጫዋ፥ የደም ግፊት መለኪያዋና የጥያቄዋ ጥንቃቄ ናቸው፤ የሴቲቱን ቋንቋ፥ ኦሮምኛም ሆነ ሶማልኛ፥ ካላወቀች ግን ከሦስቱ አንዱ ወዲያው ይጐድላል።

ከነገሌ ወደ ሐዋሳ ሪፈር የተባለች ሴት በክብረ መንግሥትና በቦሬ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ትሄዳለች። መንገዱ ከሞቃቱ ቈላ ተነሥቶ የቦሬን ብርድና ጭጋግ አቋርጦ ወደ ሲዳማ ይወርዳል፤ አየር ለሚያጥረው ሰው እንዲህ ያለው ዳገት ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም። አምቡላንስ ባይገኝ መኪና መከራየት አለ፤ ለመከራየት ፍየል ወይም ላም መሸጥ አለ፤ በድርቅ ዘመን የከሳ ከብት ዋጋ የለውም። ባሏ ከፎራ እስኪመለስ ወይም ሽማግሌዎች እስኪስማሙ መጠበቅም አለ። ይህን ሁሉ አልፋ ስትደርስ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ዘግይታ መጣች ይባላል።

ይህ ቃል ሊመረመር ይገባዋል። በ1986 ዓ.ም. ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእናቶችን ሞት ሲያጠኑ መዘግየትን በሦስት ከፈሉት፤ መጀመሪያው ለመሄድ እስኪቈረጥ ያለው፥ ሁለተኛው በመንገድ ያለው፥ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናው እስኪሰጥ ያለው ነው። እንደዚህ ከተከፈለ ከሦስቱ ሁለቱ የሴቲቱ ሥራ እንዳልሆኑ በግልጥ ይታያል፤ የመጀመሪያውም ቢሆን ገንዘብና ፈቃድ በእጇ ላልሆነ ሴት የእርሷ ነው ማለት ይከብዳል። በመዝገቡ ግን ሦስቱም በአንድ ቃል ተጠቅልለው በእርሷ ስም ይጻፋሉ። ስሕተት የተጻፈበት መዝገብ ደግሞ የተሳሳተ በጀት ያወጣል፤ ሴቶች የሚዘገዩት ባለማወቅ ነው ተብሎ ለስብከትና ለስብሰባ ገንዘብ ይመደባል፥ መንገዱና መርፌው ግን እንደ ነበሩ ይቀራሉ።

ድህነት የነፍሰ ጡርን ልብ የሚጐዳው በቈላ ብቻ ነው እንዳይባል የእንግሊዝን አገር መመልከት ይበቃል። እዚያ የሚሞቱት እናቶች ጥቂቶች ናቸው፤ የእያንዳንዷም ሞት በጥንቃቄ ይመረመራል። ከምክንያቶቹም የልብ ሕመም ለብዙ ዓመታት ቀዳሚ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በድሃ ሰፈሮች የሚኖሩት እናቶች ሞትም በባለጠጋ ሰፈሮች ካሉት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ባለጠጋው አገር ከእኛ የሚለየው ሞቱን ቈጥሮ ምክንያቱን በይፋ በማውጣቱ ነው።

በእርግዝና ጊዜ የሚነሣው የደም ግፊትም በዚሁ አጠገብ መነገር አለበት። ራስ ምታት፥ የዓይን ብዥታና የፊት እብጠት ከታዩ በኋላ ሴቲቱ ተንቀጥቅጣ ትወድቃለች፤ በብዙ ቦታም ልክፍት ነው ይባላል። በ1994 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመውና በ33 አገሮች ከ10,000 በሚበልጡ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለው ርካሽ መድኃኒት የመንቀጥቀጡን አደጋ ከእኩሌታ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚህ ሕመም የዳነችም ሴት ኋላ በዕድሜዋ ለልብና ለአንጐል የደም ሥር ሕመም የመጋለጧ ነገር ከሌላው ሴት ወደ እጥፍ ስለሚሆን፥ ከወለደች በኋላ ግፊቷን የሚለካላት ሰው ያስፈልጋታል።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ሰዓታት ደግሞ ሰው ሁሉ አለፈ ብሎ የሚዘናጋባቸው ናቸው። ማሕፀን በተኰማተረ ጊዜ በውስጡ የነበረው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ስለሚመለስ የታመመ ልብ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ከተወለደና እልልታው ከተሰማ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አራስ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ ይመክራል፤ አልጋ በጠበበበትና ቤት ልጆች በሚጠብቁበት አገር ግን በዚያው ቀን የምትሄደው ብዙ ናት። ሌላም የልብ ሕመም አለ፤ በር ሳይጐዳ በወሊድ ሰሞን ጡንቻው ራሱ የሚደክምበት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኤልድሪድ ፓሪ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ ወደ ዛሪያ ከተማ ተዛውረው ይህን ሕመም በብዛት አገኙት፤ በዚያ አገር አራሶች እንደ ልማዳቸው በጋለ መደብ ላይ ይተኙና ጨው የበዛበት ገንፎ ለ40 ቀን ይበሉ ነበር። ልማዱ ለእናቲቱ ከማሰብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱና ጨው የደከመውን ልብ ሸክም ያበዙበት ነበር። በየአገሩ ያለውን የአራስ ልማድ ሳይነቅፉ መርምሮ መለየት ለሐኪም የተገባ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ከካህናትና ከሃይማኖት አባቶች ጋራ የሚገናኘው ነገር ይህ ነው። በ2007 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ ጥናት በ14 አገሮች፥ ኢትዮጵያም ባለችበት፥ 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ተቈጥረው ነበር፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ሴቶች፥ እኩሌቶቹም ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት ያልበለጠ ነበሩ። ለመውለድ ከደረሱት ሴቶች መካከል ግን እርግዝናን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስዱት ከ100 አራት እንኳ አልሞሉም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ100 ሕሙማን 17ቱ ሞተዋል። የልቧ በር በብረት የተተካላት ሴት ደግሞ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ትውጣለች፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጐዳ ይችላል፥ ብትተወው ግን ደም በበሩ ላይ ይረጋል። እንዲህ ያለችዋ ሴት ሳታረግዝ አስቀድማ ከሐኪም ጋራ መማከር አለባት፤ ምክሩን የምትሰማው ግን ብዙ ጊዜ ከንስሐ አባቷ፥ ከሼኳ ወይም ከአማቷ አፍ ሲወጣ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነፍሰ ጡር፥ አራስና ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ የሚፈቱበት መንገድ መኖሩን ካህናት ያውቃሉ፤ በእስልምናም ለነፍሰ ጡርና ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። ይሁን እንጂ ሴቶቹ ፈቃዱ እያለ ይጾማሉ፥ የሚነግራቸው የለምና። ስለ ጠበልም ቢሆን አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፤ ለልብ መድኃኒት ከዚህ የተለየ ሥርዐት የለውም።

የተሠራውን አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ወደ ቀበሌ አድርሷል። ከ100,000 ወሊድ የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 ይገመቱ የነበሩት በ2008 ዓ.ም. 412 ሆነዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2008 ዓ.ም. ከ100 26 የነበሩት በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቍጥር 97 እንደ ነበረ ሲታሰብ፥ አማካዩ ቍጥር የቈላውን እናት ምን ያህል እንደሚሰውራት ይታያል። በወልቂጤ አጠገብ በአጣጥ ሆስፒታል ከ40 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የተጀመረው የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት፥ ቀኗ የቀረበ ሴት ከሐኪም ደጃፍ ሆና እንድትጠብቅ የሚያደርግ መልካም ሐሳብ ነው፤ ለአርብቶ አደር ሴት ግን ላሞቿን ማን ያልባል፥ ልጆቿንስ ማን ይይዛል የሚለው ካልተመለሰ ቤቱ ባዶ ይቆማል።

የአፍሪቃ ኅብረት በ2007 ዓ.ም. ይህን ሕመም ለማጥፋት በአዲስ አበባ ስም የተጠራ ውሳኔ ተቀብሏል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ2010 ዓ.ም. ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔ በተሰማባት ከተማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፥ በዶክተር በላይ አበጋዝ ድካም በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ማዕከል ደጅ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት ተራ ይጠብቃሉ። ቀዶ ሕክምና ለሁሉ አይደርስም። ኩባ ግን ከ1978 እስከ 1988 ዓ.ም. በፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ ተማሪዎችን እየተከታተለች፥ የጕሮሮ ሕመምን በፔኒሲሊን እያከመች፥ የታመሙትንም በመዝገብ ይዛ በየወሩ እየወጋች ሕመሙን እጅግ ቀንሳዋለች፤ ያን ጊዜ ባለጠጋ አገር አልነበረችም። የልቡ በር እጅግ የጠበበበት ሰው መርፌው ሲሰጠው አንዳንድ ጊዜ ድንገት እንደሚወድቅ ስለ ታወቀ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ለእንደዚህ ያሉት በአፍ የሚወሰደው እንዲሰጥ መክሯል፤ ይህ ግን ለጥቂቶች የወጣ ጥንቃቄ ነው እንጂ መርፌውን ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ የሚያስወርድ አይደለም።

ነገሌ በ2015 ዓ.ም. ብዙ ክርክር ካስነሣ በኋላ የተቋቋመው የምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ዞን ሲለወጥ ሪፈር የሚጻፍበት ወረቀት ርእስ ይለወጣል፤ የቦሬ ዳገት ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አዲስ ቢሮ ሲከፈት አዲስ መዝገብ መታተሙ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ዘግይታ መጣች ከሚለው ቀጥሎ ከየት ተነሣች፥ በምን መጣች፥ ስንት ሰዓት ጠበቀች፥ ለመንገድ ስንት ብር ከፈለች የሚሉ አራት ባዶ ቦታዎች ቢጨመሩበት ወጪው የቀለምና የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። ከዓመት በኋላም ያ መዝገብ ለጤና ክፍል ሹማምንት ብቻ ሳይሆን ለውሃ፥ ለመንገድና ለትምህርት ክፍሎች በአንድ ጉባኤ ይነበብላቸው፤ በተማሪ ቤትም ጕሮሮው የቈሰለውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው መምህር ማን እንደ ሆነ በዚያው ጉባኤ ይወሰን።